ቁልቁል ሰባት

በከተማችን ያለው መጽሔት አንድ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ጠዋት ይወጣል። የፊት ገጹ ላይ ምን እንደሚጻፍ በእርግጠኝነት የሚነግረኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም፤ ሁላችንም ማንበብ የምንጀምረው ከመጨረሻው ገጽ ነው፣ አብዛኞቻችንም እዚያው እንጨርሳለን። በዚያ ገጽ ላይ ሁለት ነገር አለ፤ ከላይ መግለጫ የሌለው ካርቱን፣ ከታች መስቀለኛ ቃላት።

ለካርቱኑ መግለጫ ጽፎ መላክ ለሁሉም ክፍት ነው። የሣቅ ምዘና ክፍል ሦስት መዛኞች በር ዘግተው የተላከውን ሁሉ ያነባሉ። ሲያነቡ ሆዳቸው ላይ ገመድ ይታሰራል፤ ሲሥቁ ገመዱ ስንት ጣት እንደተሳበ ይለካል፤ ብዙ ጣት የሳበው መግለጫ ያሸንፋል። መዛኝ ለመሆን የሦስት ዓመት ሥልጠና አለ። ሠልጣኞቹ አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ዓመት መሣቅ ያቆማሉ፤ ይህም ሚዛኑ እንዳይዛባ በጣም ረድቷል ይባላል።

መስቀለኛው ቃላት ግን የጨዋታ ነገር አይደለም። መጽሔቱ በተጀመረበት ዓመት ሁለት ጎረቤታሞች በድንበር ተካሰው ነበር። እያንዳንዳቸው አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ምስክር አቀረቡ፤ ሃያ አራቱም ማሉ። ዳኛው ግራ ቢገባው ጠረጴዛው ላይ ያለውን መጽሔት ገለጠ። አግድም ሦስት «የአቶ እገሌ መሬት የሚያበቃበት ዛፍ» ይላል፤ ከገጹ ግርጌ ተገልብጦ የታተመው መልስ ደግሞ «ዋርካ» ነው። ዳኛው እፎይ ብሎ በዋርካው ፈረደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመጽሔቱ የታተመ መልስ ማስረጃ ሆነ። ማስረጃ ከሆነ ዘንድ የሚጠብቀው ያስፈልጋል ተብሎ የመልስ ቢሮ ተቋቋመ። ቢሮው ባለ አራት ፎቅ ነው። ሦስቱ ፎቅ መልሶቹ የሚቀመጡበት ነው፤ አራተኛው የማኅተሙ ነው። ዛሬ ሽማግሌ ለጋብቻ ሴት ልጅ ለመጠየቅ ሲሄድ የልጅቱ አባት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ልጁ ስንት ሳጥን ባዶ ይተዋል?» ብሎ ነው።

ከቁጥር አንድ ጀምሮ መስቀለኛውን የምታዘጋጀው አጸደ ናት። ሃምሳ ዓመት አልፏታል። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ በእርሳስ ትሠራለች። አንድ ጊዜ ስለ ሥራዋ ሊጠይቃት የሄደ ሰው ጠረጴዛዋ ላይ ላጲስ ቢያጣ «ላጲስ የለሽም?» ብሏት፣ «ምን ላደርግበት?» ብላ መለሰችለት። የትዕቢት አልነበረም፤ በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ አስፈልጓት ስለማያውቅ ነው።

ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሁለትን ስትሠራ ቁልቁል ሰባት ላይ አራት ሳጥን ቀራት። ሁለተኛው «ር»፣ መጨረሻው «ው» መሆን አለበት። እርሳሷን ጥርሷ ላይ አድርጋ ስታስብ፣ ከወንዝ የሚመለሱ ሁለት ልብስ አጣቢዎች በመስኮቷ ሥር ሲያልፉ አንደኛዋ «ዘርጋው እኮ አለቀለት» ስትል ሰማች። ዘርጋው በወንዙ ላይ ሰው በታንኳ የሚያሻግር ሽማግሌ ነው። ሁለት ሳምንት ከወንዙ መጥፋቱን አጸደም ታውቃለች። በጣቷ ቆጠረች፤ ዘ፣ ር፣ ጋ፣ ው። ልክ አራት። «ነፍስ ይማር» አለችና ሞላችው፤ ለፍንጩም «በዚህ ወር ያረፈ ታንኳ ቀዛፊ» ብላ ጻፈች። ማንንም አልጠየቀችም። ሴትየዋ ያወራችው ስለ ዘርጋው ወገብ ሕመም ነበር።

መጽሔቱ ዓርብ ወጣ። ቅዳሜ ማለዳ እድሩ በዘርጋው በር ላይ ድንኳን ተከለ። ዘርጋው ወገቡ የተሻለው ያን ዕለት ነው። የካስማ ድምፅ ሰምቶ ወጣ።

«ማን ሞተ?» ሲል ጠየቀ።

«ዘርጋው» አለው የእድሩ ጸሐፊ፣ ቀና ሳይል።

«የትኛው ዘርጋው?»

«ታንኳ ቀዛፊው ነዋ!» ጸሐፊው ቀና ብሎ አየው፤ ቆቡንም አወለቀ። «እግዜር ያጽናህ ጋሽ ዘርጋው። ድንገተኛ ነው የሆነብን።»

ዘርጋው ምን ይበል? በሩ ላይ ልቅሶ ተቀምጦ እሱ ቤት ውስጥ መተኛት ነውር መሰለው። ገብቶ ተቀመጠ። የመጣው ሁሉ ጉልበቱን እየነካ አጽናናው። በሦስተኛው ቀን አስተናጋጅ አንሶ ስለነበር ተነሥቶ ንፍሮውን ራሱ አዞረ።

ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ነው የከፋው። ስሙ ከሕያዋን መዝገብ ተሰረዘ። ባለሱቁ «ለሟች ዳቦ ሸጬ ምን ብዬ ልመዘግበው?» ብሎ እያዘነ መለሰው። ወንዝ ዳር ቢወርድም ታንኳው ላይ የሚሳፈር ጠፋ። «ጋሼ፣ አይክፋህ፤ ግን ከሞተ ሰው ጋር ወንዝ መሻገር ምን ማለት እንደሆነ አንተም ታውቀዋለህ» አሉት። ከዚያ ከመልስ ቢሮው ደብዳቤ ደረሰው። አድራሻው «ለሟች ዘርጋው» ይላል። አርባው ሲወጣ ቤቱና ታንኳው ለቢሮው እንደሚሆኑ፣ ታንኳውም ግቢው ውስጥ አበባ እንደሚተከልበት በትሕትና ያስታውቃል።

በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ዘርጋው መጽሔቱን ጠቅልሎ አጸደ ቤት ሄደ።

«አጸደ የምትባዪው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ይግቡ።»

«ዘርጋው እባላለሁ።»

አጸደ መጀመሪያ ያየችው እግሩን ነው። ጫማው የወንዝ ጭቃ ይዟል። ጭቃው ገና እርጥብ ነው።

«ጋሽ ዘርጋው... እኔ እኮ...»

«አየሁት፣ ቁልቁል ሰባት።» መጽሔቱን ዘረጋው። «ሌላውን ሁሉ ሞልቻለሁ። አግድም ዘጠኝ ብቻ ነው ያስቸገረኝ።»

«ድርቆሽ» አለች ሳታስበው።

«አሃ! እንዲህ ቀላል ነው?» እርሳስ ተቀብሏት ሞላ። ከዚያ እርሳሱን አስቀመጠ። «ልጣላሽ አልመጣሁም፣ ልጄ። ሰው ሁሉ ሲያጽናናኝ ሰነበተና ራሴን ተጠራጠርኩት። ሌሊት ተኝቼ ትንፋሼን አዳምጣለሁ። እንዲያው መሳሳትሽን ከአፍሽ ልስማና ልሂድ።»

አጸደ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደችና በእጇ ያዘችው።

«ተሳስቻለሁ» አለች። ቃሉን ስለ ራሷ ተናግራው ስለማታውቅ አፏ ውስጥ እንግዳ ሆነባት። «ወሬ ሰምቼ ሳልጠይቅ ጻፍኩ። አርባዎ ሳይወጣ ግን አስተካክለዋለሁ።»

«ታስተካክዪዋለሽ?»

«ያበላሸሁት እኔ አይደለሁ? ሌላ ማን ያስተካክለዋል?»

ይህን ያለችው በሙሉ ልቧ ነው። በማግሥቱ ነጠላዋን አጣፍታ የመልስ ቢሮ ሄደች። የመልስ ሹሙ አቶ ልሣኑ ይባላል። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ወንበር አቀረበላትና የምትለውን ሁሉ ሳያቋርጥ አዳመጠ።

«ወይዘሮ አጸደ፣ ድካም ነው። ዕረፍት ይውሰዱ» አላት በመጨረሻ።

«ድካም አይደለም። ሰውየው በሕይወት አለ። ቤቴ መጥቷል።»

«ሊመጣ ይችላል።»

«ድርቆሽን ራሱ ሞልቷል!»

«እሱን አልከለከልነውም።» ልሣኑ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አጣመረ። «ይስሙኝ። እርስዎ ጥያቄ ሲያወጡ ሊሳሳቱ ይችላሉ፣ ሰው ነዎት። ታትሞ ማኅተም ካረፈበት በኋላ ግን የእርስዎ አይደለም፣ መልስ ነው። መልስ ደግሞ አይሳሳትም። አንዱ ተሳሳተ ካልን ነገ በዋርካው የተሸነፈው ሰውዬ ይመጣል። ከነገ ወዲያ በመልስ የተጋቡት ይመጣሉ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ቁጥር ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ለአንድ ሽማግሌ ሲባል?»

«ለአንድ ሽማግሌ ሲባል።»

ሹሙ ተነፈሰ። «ክፉ ሰው አይደለሁም። ስሙን ይቀይር። ሌላ ስም ይዞ ቢመጣ ዛሬውኑ ሕያው ብዬ እመዘግበዋለሁ።»

አጸደ ይህንኑ ወንዝ ዳር ወርዳ ለዘርጋው ነገረችው። ታንኳው ውስጥ ለብቻው ተቀምጦ ነበር።

«ሌላ ስም?» አለ። «ሰባ ዓመት ሙሉ ከማዶ 'ዘርጋው!' ተብሎ ሲጠራ አቤት ያልኩት እኔ ነኝ። አሁን ሌላ ስም ይዤ ማን ሲጠራኝ ዞር ልበል? ይቅር። ስሙንስ አልሰጥም።»

«አይስጡ» አለችው። «ሌላ መንገድ አለ።»

ሌላው መንገድ ካርቱኑ ነበር። የመጽሔቱ ሠዓሊ በልቅሶው ላይ ነበረና ያየውን ሥሎ ነበር፤ በቁጥር አራት መቶ አሥራ ሦስት አንድ ሽማግሌ በገዛ ድንኳኑ ውስጥ ለለቀስተኞች ንፍሮ ሲያዞር ወጣ። በውድድሩ ደንብ አሸናፊው መድረክ ላይ በአካል ቀርቦ በእጁ ይፈርማል። አጸደ ደንቡን ሁለት ጊዜ አነበበች፤ ሟች አይወዳደርም የሚል የለበትም። ዘርጋውን ወረቀት አስያዘችው።

«ምን ልጻፍ?»

«ያን ቀን በልብዎ ያሉትን።»

ዘርጋው ብዙ አላሰበም። «እኔን ብላችሁ ከሆነ የመጣችሁት፣ አለሁ» ብሎ ጻፈ።

መዛኞቹ ክፍል ውስጥ ምን እንደተፈጠረ በዝርዝር አይታወቅም። አንደኛው ገመድ ተበጥሷል፤ ሁለተኛው መዛኝ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሣቀ ለምርመራ ተወስዷል። መግለጫው አሥራ አራት ጣት ሳበ። እንዲህ ያለ ጣት ታይቶ አይታወቅም። ገበያው ላይ የአሸናፊው ስም ሲለጠፍ አጸደ ሰሌዳው ሥር ከዘርጋው ጋር ቆማ «ነገ መድረክ ላይ ይወጣሉ፤ ሺህ ሰው ያይዎታል፤ አበቃ» አለችው።

የምዘና ክፍሉ ግን ደንቡን አጥንቶ፣ ሥራው ከሞት በኋላ የቀረበ መሆኑን አረጋገጠ። ሽልማቱ በአበባ ጉንጉን ተለውጦ ለመቃብር እንዲሆን ወደ ቤቱ ተላከ። መልእክተኛው ጉንጉኑን ሲያስረክብ ዘርጋው በእጁ ፈረመ፤ መዝገቡ ላይ «ለሟች ቤተሰብ ተሰጥቷል» ተብሎ ሰፈረ።

ዘርጋው ጉንጉኑን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ አጸደ ቤት መጣ። ይሥቃል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አልሣቀም።

«በቃሽ ልጄ» አላት። «ሞክረሻል። እኔም እየለመድኩት ነው።»

አጸደን ያስደነገጣት ይህ ቃል ነው፤ እየለመድኩት ነው ማለቱ። ጉንጉኑን ከትከሻው ተቀብላ መሬት ላይ አኖረችው።

«እንዳይለምዱት» አለችው ቆጣ ብላ። «አሥራ ስድስት ዓመት የሠራሁበት ሙያ አለኝ። የመዛኞችን ገመድ ለምኜ ነው የተሳሳትኩት። አሁን በራሴ ሳጥን እመጣለሁ። ይሄዱና ታንኳዎን ቅጥራን ይቀቡ፤ ሰው ሊሳፈርበት ነው።»

ስለ ቢሮው አሠራር አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ቢሮው የሚመረምረው መልሱን ብቻ ነው። ፍንጮቹ በቀጥታ ማተሚያ ቤት ይሄዳሉ። ጥያቄ ማንም ሊጠይቅ ይችላል፣ ጥያቄ ምንም አያረጋግጥም፣ እኛ የተቋቋምነው ለመልስ ነው የሚል አቋም አላቸው። አጸደ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። የቁጥር አራት መቶ አሥራ አራትን መልሶች በንጹሕ ወረቀት ገልብጣ ወሰደች። ልሣኑ በጣቱ እየተከተለ ዝቅ ባለ ድምፅ አነበበ።

«ሸንበቆ... ማገር... ጉልላት...» ጣቱ ቆመ። «ይህች ቃል ግን...»

«ምን ሆነች?» አለች አጸደ።

«ስህተት። በሃሌታው ሀ ነው የጻፉት። በሐመሩ ሐ መሆን የለበትም?»

«እርስዎ እንዳሉ።»

«እኔ እንዳልኩ አይደለም፣ በሥርዓቱ ነው» አለና ኮሚቴ ጠራ። ኮሚቴው ሁለት ቀን ተሰበሰበ። ሁለት አባላት በሃሌታው ካልሆነ ብለው ጉባኤውን ጥለው ወጡ። በመጨረሻ በድምፅ ብልጫ «ስሕተት» ተብሎ በሐመሩ እንዲጻፍ ተወሰነ፤ ማኅተሙም አረፈበት።

ዓርብ ጠዋት መጽሔቱ ወጣ። ቁልቁል አንድ፣ አራት ሳጥን፦ «ዘርጋው ሞቷል ተብሎ በቁጥር 412 የወጣው ምንድን ነው?»

ገበያው እንደዚያ ቀን ጸጥ ብሎ አላየሁትም። ሥጋ ሻጩ ቢላውን ትቶ እርሳስ ይዟል። አትክልት የሚሸጡት ሴቶች ቅርጫታቸው ላይ ደፍተው ይሞላሉ። አንዱ «ስ» አለ፤ ሌላዋ «የመጨረሻው 'ት' ነው» አለች፤ ከዚያ ሁሉም ገጹን ገልብጠው ግርጌውን አዩ፤ እንደገናም ቀጥ አድርገው አዩት። ዘርጋው በዚያው ሰዓት እጁ ቅጥራን በቅጥራን ሆኖ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ነበር። ባለሱቁ ከመጽሔቱ ቀና ብሎ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«ጋሽ ዘርጋው» አለው፣ «ለካ ስሕተት ነህ!»

«ነኝ» አለ ዘርጋው። «ሁለት ዳቦ ስጠኝ።»

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። የታተመ መልስ ሁሉ እውነት ከሆነ ይህም እውነት ነው፤ ይህ እውነት ከሆነ ግን የታተመ መልስ ሁሉ እውነት አይደለም። ዳኛው ይህን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ካነበበ በኋላ ራስ ምታት ይዞት ሦስት ቀን ፈቃድ ወጣ። ሲመለስ ፍርዱ አጭር ነበር፤ «ስሕተቱ በትክክል ታትሟል። ሰውየው ይሂድና ይቅዘፍ።» ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዘርጋው ስድስት ጊዜ ተመላልሶ አሻገረ። የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ አጸደ ነበረች። ማዶ ምንም ጉዳይ አልነበራትም። መሐል ወንዝ ላይ ሲደርሱ «መዋኘት አልችልም እኮ» አለችው፤ ዘርጋው መቅዘፉን አቁሞ እስኪያለቅስ ሣቀ።

ስትመለስ ከሥራ የሚያባርራት ደብዳቤ በሯ ላይ ተለጥፎ እንደምታገኘው አልተጠራጠረችም። መልሱንም አስባበታለች። በሯ ላይ ያገኘችው ግን ደብዳቤ ሳይሆን ሰልፍ ነው። ሰልፉ መንገዱን ይዞ እስከ ወፍጮ ቤቱ ይደርሳል። ሁሉም አሮጌ መጽሔት ይዘዋል።

ከፊት ያለችው ሴት በቁጥር ሁለት መቶ ስምንት ግራኝ ተብላ ነበርና ስምንት ዓመት በግራ እጇ ስትጽፍ ኖራለች። «ጽሕፈቴ አላማረም» አለች። ከኋላዋ ሁለት ወንድማማቾች ቆመዋል፤ በስሕተት ታላቅ የተባለው ታናሽ ሲመርቅና ሲቆጣ ኖሮ ደክሞታል። ከላይ ሰፈር የመጡ ደግሞ ለሚኖሩበት ዳገት የቀረው ሁለት ሳጥን ብቻ ስለነበረ «ሜዳ» ተብሎ ታትሞባቸው፣ ውሃ ተሸክመው ሲወጡ ደከመን ማለት አልቻሉም ነበር።

አጸደ ጠረጴዛዋን በር ላይ አወጣችና ተቀመጠች። እያንዳንዱን ስትሰማ ያን ቃል የጻፈችበት ቀን ትዝ አላት፤ የት ተቀምጣ እንደነበር፣ ቃሉ ልክ ሲገጥምላት እንዴት ደስ እንዳላት። አፈረች፤ ግን አላቀረቀረችም። «ልክ ነሽ፣ እኔ ነኝ» ትላለች፤ ትጽፋለች፤ «ቀጣይ» ትላለች። እንዲህ ሆና አራት ቀን ዋለች።

በአራተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ሰልፉ አለቀ። ወረቀቷን ስትሰበስብ አንድ ሰው ፊቷ ቆመ። ልሣኑ ነው። ማኅተም አልያዘም፣ አጃቢም የለው። አንድ መጽሔት ደረቱ ላይ ይዟል።

«ሊከሱኝ ከሆነ...» አለች።

«ተሰልፌ ነው» አለ። «ከጠዋት ጀምሮ። ሰው ሲመጣ እያሳለፍኩ ኋላ ቀረሁ።» መጽሔቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ቁጥር ዘጠና ሰባት። አግድም አራት።»

አጸደ መነጽሯን አወረደች። ፍንጩ «ልጅ የሌለው ሹም» ይላል። ሳጥኖቹ ውስጥ ያለው የልሣኑ ስም ነው። አስታወሰችው፤ ፍንጩ ከቢሮው በደብዳቤ የመጣ ነበር።

«የላክሁት ራሴ ነኝ» አለ ሹሙ። «ልጄ ያልወደድኩትን ሰው አግብታ የሄደች ዕለት። በማግሥቱ ንዴቴ በረደልኝና ላስመልሰው ወደ ማተሚያ ቤት ሮጥኩ፤ ታትሞ ወጥቷል። መልስ አይሳሳትም እያልኩ የማስምለው ደግሞ እኔው ነኝ።»

«አሥራ ሁለት ዓመት?»

«ደብዳቤ ትጽፋለች። በየዓመቱ። 'ተቀባዩ ልጅ የሌለው በመሆኑ' ብዬ ማኅተም እያሳረፍኩ ሳልከፍት እመልሰዋለሁ። ዘንድሮ ግን አልመጣም።»

አጸደ አዲስ ወረቀት አወጣች፣ ማስመሪያዋን አስደግፋ ሳጥን ማስመር ጀመረች።

«ስሟ ማን ነው?»

ልሣኑ ወደ ወረቀቷ ጎንበስ አለ።

«ውቢት» አለ።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳጥኖች ጻፈችው። «ፍንጩን እርስዎ ይንገሩኝ» አለችው።

ሹሙ ከግድግዳው ሥር ያለውን በርጩማ ሳበና ተቀመጠ።

«ይረዝማል እኮ፣ ወይዘሮ አጸደ።»

«ይርዘም» አለችው፣ እርሳሷን እየቀረጸች። «ቦታ አለ።»